ማሽኑ የተቃኘበት ቅኝት

በደሴ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሣው ማሽን፣ ውስጥ ተነሥቶ የወጣ ሰው ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ጩኸቱ ነው። ስለ ምስሉ የሚጨነቀው ሐኪሙ ነው፤ ታማሚው ግን «ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው። ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ የጆሮ መድፈኛ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በማሽኑ ውስጥ ከትልቁ ማግኔት ሌላ የመግነጢስ መስኩን ከቦታ ቦታ የሚያበላልጡ ጥቅል ሽቦዎች አሉ። ኤሌክትሪክ በእነዚህ ሽቦዎች ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲገለባበጥ የትልቁ ማግኔት ኃይል ይገፋቸዋል፣ ይጎትታቸዋል፤ እነሱም ይንቀጠቀጣሉ። የድምፅ ማጉያ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሆኜ ስክሪኑን ሳላይ ምን ዓይነት ምስል እየተነሣ እንደሆነ በጩኸቱ ብቻ መለየት እችላለሁ። የተለየ ስጦታ ስላለኝ አይደለም፤ እዚያ የሚውል ራዲዮግራፈር፣ ማለትም ምስል አንሺው ባለሙያ፣ ሁሉ ይለየዋል።

የዛሬው ንግግሬ ግን በዚህ ጩኸት ላይ አይደለም። ከሥሩ ስላለው፣ ጆሯችን ስለማይደርስበት ድምፅና ያንን ድምፅ ወደ ምስል ስለሚቀይረው ኮምፒውተር ነው። አንድ ጉዳይም ይዤ መጥቻለሁ። ያ ኮምፒውተር በማን ቅኝት እንደተቃኘ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው እላለሁ።

ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁኝ ከየት እንደመጣሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር። በእናቴ ወገን ጸናጽልና መቋሚያ፣ በአባቴ ወገን መንዙማና ድቤ የሚሰማበት ቤት ነው፤ ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ክራር ያስተማረኝ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ያዝሁ፤ አሁን በድኅረ ምረቃ የማጠናው ኮምፒውተር ከጥቂት መረጃ የሕክምና ምስል እንዴት እንደሚሠራ ነው። አንድ መምህሬ በመጀመሪያው ዓመት «ክራሩን ለጊዜው ስቀይው፤ ሁለት ልብ ይዞ ምርምር አይሆንም» ብለውኝ ነበር። ለእኔ አስበው እንደተናገሩ አውቃለሁ። ነገር ግን አልሰቀልሁትም። ሙዚቃ አእምሮን ስል ያደርጋል፣ ሒሳብ ያስወድዳል የሚለውን አባባልም አልወደውም፤ ሒሳብ የሚያስወድደው ሒሳብ መሥራት ነው። ክራር የሰጠኝ ከዚያ የተለየና የጠበበ ነገር ነው፤ እሱንም ላሳያችሁ።

በቅድሚያ ማሽኑ ምን እንደሚሰማ እንይ። የሰውነታችን ክብደት ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን አለ። የሃይድሮጅን አስኳል ኃይለኛ የመግነጢስ መስክ ውስጥ ሲገባ በታወቀ ድግግሞሽ ይሽከረከራል፤ በአንድ ቴስላ (ቴስላ የመግነጢስ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) 42.58 ሜጋ ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 42.58 ሚሊዮን ዙር ነው። በብዙ ሆስፒታሎች የሚገኘው ማሽን 1.5 ቴስላ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ድግግሞሹ 63.9 ሜጋ ሄርዝ ያህል ይሆናል፤ በ3 ቴስላ ደግሞ 127.7። ኤፍኤም ሬዲዮ የሚተላለፈው በእነዚህ ሁለቱ መካከል፣ ከ88 እስከ 108 ሜጋ ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ማሽኑ አጭር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሰውነት የሚመልሰውን ያዳምጣል።

ታዲያ የሚመለሰው ድምፅ ከጭንቅላት ከየትኛው ቦታ እንደመጣ በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ነው እነዚያ የሚጮሁት ጥቅል ሽቦዎች የሚገቡት። ከደሴ ተነሥታችሁ በኮምቦልቻ አድርጋችሁ ወደ ባቲ ስትወርዱ ዓይናችሁ ቢሸፈን እንኳ ሙቀቱ የት እንደደረሳችሁ ይነግራችኋል፤ የጦሳ ብርድ ሌላ፣ የባቲ ወበቅ ሌላ። ሽቦዎቹም የመግነጢስ መስኩን እንዲሁ ተዳፋት ያደርጉታል፤ በአንድ በኩል ያለው አስኳል ትንሽ ፈጥኖ፣ በሌላው በኩል ያለው ትንሽ ዘግይቶ ይሽከረከራል። ድግግሞሹ የቦታው አድራሻ ሆነ ማለት ነው። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 2 ሚሊ ቴስላ ቢሆን በየሚሊ ሜትሩ የ85 ሄርዝ ልዩነት ይመጣል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጭንቅላት ከዳር እስከ ዳር 17 ሺህ ሄርዝ ያህል ይይዛል።

ይህን ቁጥር ልብ በሉት። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20 ሺህ ሄርዝ ነው። ማሽኑ ከሚመጣው 63.9 ሜጋ ሄርዝ ላይ መነሻውን ቀንሶ ልዩነቱን ብቻ ያስቀራል፤ የቀረው ልዩነት ከጆሯችን ክልል አይወጣም። ወደ ድምፅ ማጉያ ብትልኩት ትሰሙታላችሁ። እኔም ልኬው ሰምቻለሁ፤ አጭር፣ ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ የታፈነበት፣ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ነው። ያ ድምፅ የአንድ ሰው አንጎል ከአንድ አቅጣጫ ሲሰማ ነው።

ልዩነትን ማዳመጥ ክራር የሚቃኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። አጎቴ የእሱንና የእኔን ክራር አንድ ሲያደርግ መጀመሪያ የራሱን ይመታል፣ ከዚያ የእኔን። የአንዱ አውታር 220፣ የሌላው 222 ሄርዝ ላይ ከሆነ ሁለቱ አብረው ሲመቱ ድምፁ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። «እስኪተኛ ድረስ አጥብቂው» ይለኛል። ከቀንበሩ ላይ አውታሩን የያዘውን ጨርቅ በጥቂቱ አዞራለሁ፤ መወዛወዙ ይዘገያል፣ ይዘገያል፣ ይተኛል። 220 የሚባለውን ቁጥር ማንም በጆሮው አይቆጥርም፤ መወዛወዙን ግን ሕፃንም ይሰማዋል።

የተደባለቀውን ድምፅ ፈትቶ የየቦታውን ድርሻ የሚለየው ሒሳብ የፈረንሳዊው የዦዜፍ ፉሪየ ነው፤ ሙቀት በአካላት ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ሲያጠና ያዳበረውና እ.ኤ.አ. በ1822 በመጽሐፍ ያሳተመው። በ1965 ኩሊና ቱኪ ኮምፒውተር ይህን ስሌት በፍጥነት የሚሠራበትን መንገድ አሳተሙ። በ1973 ፖል ላውተርበር ተዳፋቱን ተጠቅሞ የመጀመሪያውን ምስል አወጣ፤ እሱና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ታሪክ በየመጽሐፉ ታገኙታላችሁና አልቆይበትም።

ይልቅ ሙዚቃና ሕክምና የተገናኙባቸውን ሁለት ቦታዎች ልጥቀስ። ደረትን በጣት መትቶ ከሚወጣው ድምፅ የውስጡን ሁኔታ ማወቅን እ.ኤ.አ. በ1761 የጻፈው የኦስትሪያው ሐኪም ሊዮፖልድ አውንብሩገር ሙዚቃ የሚያውቅ፣ ኋላም ለአቀናባሪው ሳሊየሪ የኦፔራ ግጥም የጻፈ ሰው ነበር። በኤክስሬይ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው የሲቲ ስካን ፈልሳፊ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ደግሞ የሠራው የሙዚቃ ሸክላ በሚያሳትመው በኢኤምአይ ኩባንያ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያዋ ታማሚ ለንደን ላይ በ1971 ተነሥታለች። የኩባንያው ዘፋኞች የነበሩት ቢትልስ በሸጡት ሸክላ ነው ሲቲ ስካን የተሠራው የሚለው ወሬ ግን የተጋነነ ነው፤ የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ያወጣው ገንዘብ ኩባንያው ካወጣው ይበልጣል። የሚያምር ታሪክ ሲገጥመን አጣርተን እንያዘው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

ኤምአርአይ ቀርፋፋ ነው። ድምፁን በአንድ ጊዜ ሰብስቦ አይጨርስም፤ ከብዙ አቅጣጫ ደጋግሞ ማዳመጥ አለበት። ታማሚው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀስ መተኛት ሊኖርበት ይችላል። የሚያቃትት ሰው፣ የሚፈራ ሕፃን ይህን አይችልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች «ሁሉንም ሳናዳምጥ ምስሉን መሥራት እንችላለን ወይ?» ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሉስቲግ፣ ዶኖሆና ፖሊ አንድ ብልሃት አሳተሙ። መረጃውን በእኩል ርቀት ብትዘሉት ምስሉ ራሱ ላይ እየተደረበ ይደጋገማል፤ ሥርዓት በሌለው አዘላለል ብትዘሉት ግን ጉድለቱ እንደ ተራ ብናኝ ይበታተናል፣ ብናኙን ደግሞ ማጥራት ይቻላል። ለማጥራት ግን ኮምፒውተሩ የሰውነት ምስል ምን እንደሚመስል አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ያንን «አስቀድሞ ማወቅ» በማሽን ትምህርት ተክቶታል። ብዙ ሺህ ምስሎችን ያሳዩታል፤ ከጎደለው ሙሉውን መገመት ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልና ፌስቡክ በአንድነት ፋስት ኤምአርአይ የተባለ ትልቅ ስብስብ ለሁሉም ክፍት አደረጉ፤ መጀመሪያ የጉልበት፣ ኋላም የአንጎል ምስሎች ያሉበት። ለእኔ ዓይነቱ ተማሪ በረከት ነው። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ሁሉ መነሻ አገኘ፤ እኔም የተማርሁት በእሱ ነው።

ነገር ግን መገመት የተማረ ማሽን ያልሰማውንም ይናገራል።

ይህን መጀመሪያ በግልጽ የተረዳሁት በቤተ ሙከራ ሳይሆን በድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ነው። አራቱን ቅኝቶቻችንን ታውቃላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ሁለቱ ስማቸው የእዚሁ የአገራችን ቦታ ስም ነው። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ስሻገር የመጀመሪያውንና አራተኛውን አውታር አልነካም፤ ሁለተኛውን ዝቅ፣ ሦስተኛውን ከፍ፣ አምስተኛውን ዝቅ አደርጋለሁ። ስድስተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ስለሆነ ባለበት ይቆያል። አምባሰልን አምባሰል የምታደርገው ያቺ ሁለተኛዋ ድምፅ ናት፤ ከመጀመሪያዋ በጣም ተጠግታ ትቀመጣለች። ምን ያህል ተጠግታ? እሱ በዘፋኙና በአካባቢው ይወሰናል። ፒያኖ ግን አንዱን እጥፍ በ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ጨርሷል፤ ከዚያ ውጭ ቦታ የለውም።

በዚያ ስቱዲዮ አንዲት ድምፀ መልካም እኅታችን አምባሰል ትቀርጽ ነበር፤ እኔ ክራር እመታለሁ። ቀራጩ ድምፅ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር ከፈተውና መልሶ አሰማን። ንጹሕ ነበር፣ ያብለጨልጫል። ነገር ግን ያቺ ሁለተኛ ድምፅ ከቦታዋ ተነሥታ ፒያኖው ወዳለበት ተጎትታለች። የክራሩ አውታር አንድ ቦታ፣ የእኅታችን ድምፅ ሌላ ቦታ፤ ሲገናኙ ያ አጎቴ «አስተኚው» የሚለኝ መወዛወዝ ተመልሶ መጣ። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ የተማረውን በትክክል ሠራ። የተማረው ግን የእኛን ቅኝት አልነበረም። ቀራጩ «አሁን አማረ» አለ፤ እሷ ግን «ይኼ እኮ የእኔ አምባሰል አይደለም» ብላ እንዲጠፋ አደረገች። ሸጋ ነው የሠራችው።

ድምፅ የሚያስተካክል ሶፍትዌርን እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ ያቀረበው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ነዳጅ ፍለጋ ላይ የተሰማራ መሐንዲስ ነበር፤ ወደ መሬት ድምፅ ልኮ ከሚመለሰው የከርሰ ምድሩን ምስል የመሥራት ሒሳብ ያውቅ ነበር፤ ዋሽንት መሰል የሆነውን ፍሉትም ይጫወት ነበር። በመሬት፣ በሰውነትና በዘፈን ላይ የሚሠሩት ሒሳቦች ዘመዳሞች ናቸው። ሕመማቸውም እንዲሁ ይዛመዳል።

እንግዲህ ያቺን የአምባሰል ድምፅ በአንጎል ውስጥ ባለች ትንሽ እባጭ ተክታችሁ አስቡት። በኒውዮርክ ታማሚዎች የተማረ ማሽን እዚህ ቢመጣና ከዋግ ወይም ከላስታ የመጣ፣ የአንጎል ቲቢ የያዘውን ሰው ቢያነሣ፣ መረጃውም ጎዶሎ ቢሆን፣ ያቺን እባጭ ምን ያደርጋታል? ሊያሳያት ይችላል። ወይም አይቷት ስለማያውቅ ወደሚያውቀው ቦታ ይጎትታታል፤ ያለሰልሳታል። የሚያስፈራው ምስሉ አለማስቀየሙ ነው። ድሮ የተበላሸ ፊልም ብዥ ይል ነበር፤ ሐኪሙም «ይደገም» ይላል። የዛሬው ብልሽት ግን ጥርት ብሎ፣ አምሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ዓይን የማያየው ትንሽ ለውጥ እንኳ እነዚህን ማሽኖች ሊያሳስት እንደሚችል፣ ትንንሽ ዝርዝሮችም ሊጠፉ እንደሚችሉ አሳይቷል።

የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምስሉን ሲሰጥ ከጎኑ ሁለተኛ ምስል እንዲሰጥ ነው የምንጥረው፤ የትኛውን ቦታ ከሰማው እንደተናገረ፣ የትኛውን ደግሞ ከሚያውቀው እንደሞላ የሚያሳይ። በዓለም ላይ ብዙ ቡድኖች የሚሠሩበት ጉዳይ ነው፤ እኔ ገና ከጫፉ ነኝ። ነገር ግን ያለዚህ ሁለተኛ ምስል የመጀመሪያውን ለሐኪም መስጠት ልክ አይመስለኝም፤ ይህን በየመድረኩ እናገራለሁ።

ለወሎ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የዚህ አካባቢ የጤና ተቋማት ምን እንደደረሰባቸው ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከዚህ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕመምተኛ ጭኖ ለአንድ ምስል ያን መንገድ መሄድ ምን እንደሆነም ታውቃላችሁ። ትልቁ ማሽን የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አገር ይህን ማኖር ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ባለ ጎማ ማሽን ግን 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፤ ሂሊየም አይፈልግም፣ ከተራ ሶኬት ይሠራል፣ እስከ አልጋው ድረስ ይገፋል። ለእኛ ዓይነቱ አገር ትልቅ ተስፋ ነው፤ እኔም በሙሉ ልቤ እፈልገዋለሁ። ነገር ግን አስሉት፤ በ0.064 ቴስላ የሃይድሮጅኑ ድግግሞሽ 2.7 ሜጋ ሄርዝ ያህል ነው፣ ድምፁም እጅግ ደካማ ነው። ደካማውን ድምፅ ወደ ጥሩ ምስል የሚያደርሰው ያ መገመት የተማረ ኮምፒውተር ነው። ማሽኑ ባነሰ ቁጥር ግምቱ ይበዛል። ስለዚህ ከማንም በላይ «ይህ ማሽን በማን ተቃኘ?» ብለን መጠየቅ ያለብን ርካሹን ማሽን የምንጠብቀው እኛ ነን።

ንግግሬ እዚህ ላይ አብቅቷል። ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁለቱን ከመልሳቸው ጋር ላስፍር።

አንዲት አዋላጅ ነርስ «እኛ ኤምአርአይ የለንም፤ ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል?» ብለው ጠየቁ። ሲስተር፣ እርስዎ በእጅዎ የሚይዙት የፅንስ ልብ ማዳመጫ የዚሁ ዘመድ ነው አልኋቸው። 2 ሜጋ ሄርዝ የሆነ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ደም በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ወደ መሣሪያው ቢመጣ፣ የሚመለሰው ድምፅ ከተላከው 1,300 ሄርዝ ያህል ይበልጣል። የምንሰማው ያንን ልዩነት ነው፤ ሒሳቡ ኤምአርአዩ ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጤነኛ ፅንስ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል፤ ቁጥሩን መሣሪያው ያሳያል። የእናትየውን የደም ሥር ከፅንሱ ልብ በድምፁ ጠባይ መለየት ግን የእርስዎ ጆሮ ሥራ ነው። አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው የእናትየውን ቆጥሮ የልጁ ነው ብሎ ይጽፋልና። ሲስተርም «እሱስ ልክ ነሽ፤ እኔ የእናትየውን እጅ ሳልይዝ ቆጥሬ አላውቅም» አሉ። እጇን ይዞ፣ የልብ ምቷን በጣት እየቆጠሩ፣ በጆሮ ደግሞ ፅንሱን ማዳመጥ፤ ለተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩዋቸው ለመንኋቸው።

በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ራዲዮግራፈር ተነሡ። «ልጄ፣ ስጋትሽን ሰማን። እኛ ነገ ጠዋት ሥራ ገብተን ምን እናድርግ?» አሉ። ጋሼ፣ ሦስት ነገር አልኋቸው። መሣሪያው ከፈቀደ ያለቀለትን ምስል ብቻ ሳይሆን ጥሬውን መረጃም አስቀምጡ፤ የታማሚውን ስምና መለያ ግን አውጡለት። ሐኪሙ በምስሉ ላይ የተጠራጠረውን ቦታ በጽሑፍ ያዙ። ታማሚው ቀዶ ሕክምና ወይም የናሙና ምርመራ ካደረገ ደግሞ የተገኘውን ከምስሉ ጋር አያይዙ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፣ ከሁሉ የሚጠቅመውም ይህ ነው፣ ማሽኑ ትክክል መናገር አለመናገሩ የሚታወቀው እዚያ ላይ ስለሆነ። «ፋይሉን የት እናኑረው? ኮምፒውተራችን ሞልቷል» አሉኝ። ለዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም፤ ከኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ግቢ የመጡ ሁለት መምህራን ግን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተነሥተው ስልክ ቁጥራቸውን ሰጧቸው።